የአልጋ ሥር አፈር

አሶሳ ውስጥ አፈር በፌስታል ጠቅልሎ አልጋ ሥር የሚያስቀምጥ ሰው ወይ አብዷል ወይ ወርቅ አለው። እኔ ሦስተኛው ዓይነት ነኝ፤ ዓሣ አርቢ።

ዓሣዬ ከጣት አይበልጥም። ክረምት ሲገባ ከብት በሚጠጣበት ኩሬ ይፈለፈላል፣ ያድጋል፣ ይደባደባል፣ ያገባል፤ ኩሬው ሲደርቅ ይሞታል። እንቁላሉ ግን በደረቀው አፈር ውስጥ ሆኖ ቀጣዩን ዝናብ ይጠብቃል። ወንዱ ጅራቱ ቀይ፣ ጎኑ ሰማያዊ ነበር። ሳሎኔ ባለው አኳሪየም ውስጥ ሲንጎማለል ያየ ሰው የመሥሪያ ቤታችንን አለቆች ይንቃል። ባለቤቴ "የማይበላ ዓሣ!" ትለኝ ነበር። ትበል። እኔ እወደው ነበር፤ ሲሞትም አልቅሻለሁ። የቀረኝ ዘሩ ያለበት አንድ ፌስታል አፈር ብቻ ነበር። እንዲፈለፈል ውሃ ላፈስበት ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ከመንጌ ወረዳ መጡ።

አማቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ወርቅ ያጠቡ ሰው ናቸው። እኔ ቢሮ ሳለሁ ጫማቸውን ሲፈልጉ ፌስታሉን አገኙት። ስመለስ ግቢው መሀል ቁጢጥ ብለው፣ የትም ሲሄዱ የማይለያቸውን የእንጨት ገበቴ እያዞሩ የመጨረሻዋን እፍኝ ያጥባሉ። ቀላሉ አፈር ከውሃው ጋር ተደፍቶ ግቢውን አጨቅይቶታል። ዶሮዎቹ ደግሞ ድግስ ላይ ናቸው።

"ወርቅ ከልጄ ትደብቃለህ?" አሉኝ ቀና ሳይሉ። "ወላሂ፣ ይሄ አፈር ምንም የለውም። ሰው አታለለህ።"

አማት አይሰደብም። የመጣብኝን ስድብ ሁሉ ዋጥ አድርጌ የዓሣው እንቁላል ከቀላሉ አፈር ጋር እንደተደፋ ላስረዳ ሞከርኩ፤ እንባዬ ቀደመኝ።

"ለዓሣ ነው የምታለቅስ?"

"አዎ፣ አባባ።"

ተነሥተው ዶሮዎቹን አባረሩ፣ የግቢውን ጭቃ በእጃቸው እየዛቁ ገበቴው ላይ ጨመሩ፤ እንደገና ማጠብ ጀመሩ። ከላይ የሚንሳፈፈውን አሁን መሬት ላይ አይደፉትም፤ ንጹሕ ውሃ ወዳለበት ሳፋ ያፈሱታል።

"ዕድሜዬ ሙሉ ከባዱን ያዝኩ፣ ቀላሉን ደፋሁ" እያሉ ያጉረመርማሉ። "ዛሬ ቀላሉን ያዝ ተባልኩ። ምን ዓይነት አማች ነው አላህ የሰጠኝ!"

ፀሐይ እስክትጠልቅ አልተነሡም።

በማግሥቱ ጠዋት የጠሩኝ በጩኸት ነበር። ሳፋው ውስጥ ብመለከት ቆሻሻ ውሃ እንጂ የታየኝ ነገር የለም። እሳቸው ግን ከአሸዋ መሀል የጤፍ ፍሬ የማታህል ወርቅ ለይተው የኖሩ ሰው ናቸው፤ በጭራሮ ጠቆም አድርገው "ዓይን አለው!" አሉ። እውነትም ነጥብ የሚያካክሉ ሁለት ዓይኖች ይዋኛሉ። አጠገቡ ሌላ፣ ወዲያ ጥግ ደግሞ ሌላ። ሽማግሌውን አቅፌ ሳምኳቸው፤ ከሠርጌ ቀን ወዲህ ነክቻቸው አላውቅም።

"ስንት ዓመት ይኖራል?"

"ዓመት የለም አባባ፣ ጥቂት ወር ነው።"

ፊታቸው ጨለመ። ሳፋው ላይ አቀረቀሩና "እንዲህ ከሆነ እስኪሞት እዚህ እቆያለሁ" አሉ።

ዓሣዎቹ እንቁላል ጥለው እንደሚሞቱ ያኔ ብነግራቸው ጥሩ ነበር። አሁን የሚዋኙት የእነዚያ የልጅ ልጆች ናቸው፤ ከመንጌ እየደወሉ መቼ እንደሚመለሱ ለሚጠይቋቸው ዘመዶች አማቴ አሁንም የሚመልሱት ያንኑ ነው፦ "ዓሣው ገና አልሞተም።"