ይመለሳል ያልኩት ሰውዬ

ታላቅ መጽሐፍ አንዴ ከያዘህ አይለቅህም ይባላል። ውሸት ነው። እኔን ሦስት ጊዜ ለቆኛል፤ መጀመሪያ ስድሳኛው ገጽ ላይ፣ ቀጥሎ መቶ አርባኛው ላይ፣ በመጨረሻ ደግሞ ሁለት ባለርስቶች በመሬት ድንበር ተካሰው ክርክራቸው አላልቅ ባለበት ምዕራፍ ላይ። አሥራ አንደኛው ምስክር ሲጠራ መጽሐፉን ዘጋሁት።

መጽሐፉ ሞስኮ ውስጥ በአማርኛ የታተመ ባለ ሁለት ቅጽ ልብ ወለድ ነው። መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያገኘሁት ቴፒ ላይ ነው፤ ወደ ሌላ አገር የተዛወረ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ዕቃውን በረንዳው ላይ ዘርግቶ ይሸጥ ነበር። አልጋ፣ ቡታጋዝ፣ ሁለት ወንበርና እነዚያ ሁለት ጥራዞች። ያኔ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ የአማርኛ መምህር ነበርኩ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አስተያየት የማልሰጥበት ነገር አልነበረም። መጽሐፉን በብብቴ ይዤ መምህራን ማረፊያ እገባለሁ። "ጨረስከው?" ሲሉኝ "ድሮ!" እላለሁ።

የሒሳብ መምህሩ ብቻ አላመነኝም። "ይሄ ልጅ ለትራስ ነው የገዛው" እያለ ያሾፍብኝ ነበር።

አንድ ቀን የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ አንደኛውን ቅጽ አውሰኝ አሉኝ። በዕድሜ አሥራ አምስት ዓመት ይበልጡኛል፤ ባላቸው ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። አፋቸውን የፈቱት በቤንችኛ ነው፤ አማርኛን ያወቁት ትምህርት ቤት ገብተው ነው። ቢሆንም እኔ የማወጣውን የፈተና ወረቀት ታይፕ ሲያደርጉ የፊደል ስህተቴን የሚያርሙት እሳቸው ነበሩ። በሳምንቱ ይመልሱታል ብዬ ሰጠኋቸው።

በቤተ ክርስቲያናቸው ቃሉን በዓመት አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር የማንበብ ልማድ አለ። ሳጥን ሳጥን የተሰመረበት ወረቀት ይሰጣቸዋል፤ የዕለቱን ክፍል ያነበበ ሰው አንድ ሳጥን ላይ ምልክት ያደርጋል። ክፍሉ ልቡን ነካው አልነካው የሚጠይቀው የለም። ጸሐፊዋ ለልብ ወለዱም እንዲሁ ወረቀት አሰመሩ፤ በቀን አሥር ገጽ። በምሳ ሰዓት የተቀቀለ ጎደሬያቸውን ይበላሉ፣ እጃቸውን ይታጠባሉ፣ አሥር ገጽ ያነባሉ፣ ምልክት አድርገው ወደ ታይፕራይተራቸው ይመለሳሉ።

"ስሞቹ አያስቸግሩዎትም? አንዱ ሰው ሦስት ስም አለው እኮ" አልኳቸው።

"መምህር፣ እኔ በየዓመቱ ማን ማንን እንደወለደ ምዕራፍ ሙሉ አነባለሁ። ሦስት ስም ምን አላት?"

"የድንበር ክርክሩስ?"

"የእኛ ሰፈር ክርክር ከዚህ ይረዝማል።"

ቅጹን ሲያጋምሱ መምህራን ማረፊያ ድረስ መጡ። "አንድ ነገር ንገረኝ። ይሄ ጦርነት የሄደው የሴትየዋ ባል ይመለሳል?"

ቀይ እስክሪብቶዬን ከደንኩ።

"የኔ ሰው ከተቀበረ ወዲህ ባል የሚሞትበት ታሪክ አልችልም። የማይመለስ ከሆነ መጽሐፍህን ዛሬውኑ ውሰድ።"

የሒሳብ መምህሩ ከደብተሮቹ ቀና ብሎ አየኝ።

"ይመለሳል" አልኩ።

"እንግዲያው እቀጥላለሁ" ብለው ሄዱ።

ቤቴ ገብቼ መጀመሪያ ያደረግኩት ሁለተኛውን ቅጽ ከኋላው መግለጥ ነው። የመጨረሻዎቹ አርባ ገጾች ላይ ደራሲው ሰዎቹን ሁሉ ትቶ ስለ ድልድይ አሠራር ያትታል። ስለ ባልየው አንድም ቃል የለም። ጸሐፊዋ ደግሞ በወር ጊዜ ውስጥ ይህንኑ ቅጽ ሊጠይቁኝ ይመጣሉ። ምርጫ አልነበረኝም፤ እኔም ወረቀት አሰመርኩ፤ በቀን ሃያ ገጽ።

ያነበብኩት ጠዋት ጠዋት ነው። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ተማሪዎቹ ስለሚያረፍዱ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ለንባብ ይመቻል፤ በሚዛን ደግሞ ዝናብ አይቸግርም። እርጥበት ያጣበቃቸውን ገጾች በምላጭ እያላቀቅኩ፣ ማን የማን አጎት እንደሆነ ደብተር ላይ እየጻፍኩ ገፋሁ። ከአንደኛው ቅጽ ብዙውን ስላላነበብኩ የሚጣሉት ሰዎች በምን እንደተጣሉ አላውቅም። ጥርሴን ነክሼ ቀጠልኩ። ከዚያ ደስታው መጣ የሚል ታሪክ የምትጠብቅ ከሆነ፣ አልመጣም። የመጣው ልማድ ነው፤ ሳጥን ሳይሞሉ መዋል ቀፈፈኝ።

አራት መቶ ሃምሳ ስድስተኛው ገጽ ላይ፣ ደራሲው ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ በረዶ ካወራ በኋላ፣ ባልየው በግማሽ መስመር ሞተ።

ገጹን መልሼ አነበብኩት። ያው ነው።

በማግስቱ ጸሐፊዋ ቢሮ ገባሁ። አንደኛውን ቅጽ ሊጨርሱ ሦስት ሳጥን ቀርቷቸው ነበር። "አይመለስም" አልኳቸው።

ታይፑን አቆሙ። "ማን?"

"ባልየው። ይሞታል።"

"ይመለሳል ብለኸኝ አልነበር?"

"አላነበብኩትም ነበር።"

"ይሄን ሁሉ ጊዜ ጨርሻለሁ ስትል?"

"መቶ ሰማንያ ገጽ እንኳ አልደረስኩም ነበር።"

የሚስቁብኝ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቁም። "እኔ ባንተ ቃል ነው እዚህ የደረስኩት" አሉ። ይህን ያህል የሚያሳፍር ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የተናገረኝ ሰው የለም።

"ይተዉታ" አልኳቸው።

"ተው! አምስት መቶ ገጽ አብሬው ኖሬ ቀብሩ ላይ ልጥፋ? ሁለተኛውን አምጣ። እዚያ ገጽ ስደርስ ግን መጥተህ ከጎኔ ትቀመጣለህ።"

ተቀመጥኩ። ምሳ ሰዓት ነበር። ገጹን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ በረዶውን ሳይዘሉ፣ ቀስ ብለው አነበቡት። ግማሹ መስመር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፤ የቀረውን አራት ገጽ አንብበው ሳጥኑን ሞሉ። ከዚያ መሳቢያቸውን ከፍተው አንደኛውን ቅጽ አወጡና ጭኔ ላይ አስቀመጡት።

"ምስክሮቹ ጋ ነው ያቆምከው አይደል? በል፣ አሁን ከመጀመሪያው ጀምር። አሥር ገጽ።"

እሳቸው ፊት ጀመርኩ። ለመጨረስ ሃምሳ ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ የምስክሮቹ ምዕራፍ እስከ ዛሬ ይሰለቸኛል፤ ግን እያንዳንዳቸው ምን እንዳሉ አውቃለሁ።

አንተም ሳትጨርስ ጨርሻለሁ ያልከው መጽሐፍ አለ። ለማን እንዳልክም ታውቃለህ። ዛሬ ሂድና አላነበብኩትም በለው፤ ከዚያ ተመልሰህ አሥር ገጽ አንብብ።