ፊቱ ወደ ግድግዳ የዞረው ሥዕል

ልጃቸው ኮል ያደረገኝ ለዙህር ውዱእ አድርጌ እጄ ሳይደርቅ ነው። እንከባከባቸው የነበሩት አሮጊት ከሞቱ ወር አልፏል። "ደህና ነሽ?" እንኳን አላለኝም።

"የእናቴ ሥዕል የለም። ልወስደው መጥቼ አጣሁት" አለኝ። "ሳሎን ያለው ካሜራ ላይ ከግድግዳ ስታወርጂው አይቻለሁ። ደግሞ አንዴ አይደለም።"

"ስመልሰውስ አላየህም?"

"ሁሉንም ቁጭ ብዬ አላይም።"

ማውረዱንስ አውርጄዋለሁ።

አሮጊቷን ካናል ዊንቸስተር ከተማ ቤታቸው እየሄድኩ መንከባከብ የጀመርኩት ኮሮና በገባበት ዓመት ነው። ሥዕሉ ሳሎናቸው ውስጥ፣ ልክ በቂብላ፣ ስሰግድ ፊቴን በማዞርበት በኩል ነበር የተሰቀለው። ባለፈው ክፍለ ዘመን የነበረ ጣሊያናዊ በጣውላ ላይ የሳለው የገጠር አገር ነው፤ ባላቸው ከዚያው ከጣሊያን ይዘውት እንደመጡ ነግረውኛል። ቀለሙ በጣት የሚያዝ ይመስል ወፍራም ነው። ኮረብታው ዝገት፣ ሰማዩ የተቆጣ፣ ቤቷ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለች። እኔን ያላማረኝ ከቤቷ በታች ያለው ጥቁር ነገር ነው። ከሩቅ ሲያዩት ጎንበስ ያለች ሴት፣ ሲጠጉት ቀለም ብቻ።

"ግንድ ነው" አሉኝ አሮጊቷ።

"ሴት ብትሆንስ?"

"ሴት ብትሆን ይሄን ሁሉ ዓመት ጎንበስ ብላ ወገቧ አይቆረጥም?"

እኔ ግን ተጠራጥሬ አልሰግድም። የሰው ምስል ፊት ለፊቴ አድርጌማ እንዴት ይሆናል? ስለዚህ ሶላት በደረሰ ቁጥር ሥዕሉን አውርጄ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ ከሶፋው ጀርባ አቆመዋለሁ፤ ስጨርስ እሰቅለዋለሁ። አሮጊቷ ከወንበራቸው ሆነው "ኮረብታዬን አስተኛሽው?" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ለእኔ የሚመሰክሩልኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

የመጨረሻው ቀን አሱርን ሰግጄ ሳበቃ ትንፋሽ አጠራቸው። አምቡላንስ ጠራሁ፤ አብሬ ወጣሁ። ሥዕሉን መልሼ መስቀሌን አላስታውስም።

ኋላ ልጁ፣ ሌላ ስቴት ስለሚኖር፣ "ዕቃውን ለሚፈልግ ስጪ" አለኝ። በዲቪ አዲስ የገቡ ወገኖችን ለቅዳሜ የጠራሁት እኔው ነኝ። አንዱ ሶፋ፣ አንዱ አልጋ፣ አንዱ ቁምሳጥን ጫነ። እኔ ኪችን ሳጸዳ ነበር። ያ ሥዕል ከጀርባው ቢያዩት አቧራ የጠጣ ጣውላ ነው፤ ማንም ለአንድ ነገር ይሆነኛል ብሎ ያነሳዋል።

ከዚያ ስልክ ወዲህ ሰው ቤት ስገባ ዓይኔ አያርፍም። ባለፈው ሶፋውን የወሰዱት ባልና ሚስት ቤት ሄጄ፣ ሻይ ሳይቀርብ ከሶፋው ጀርባ አጎነበስኩ።

"እትዬ፣ ምን ጠፋዎት?" አለች ሚስቲቱ።

"ሶፋውን ሊያስመልሱ ነዋ!" አለ ባልየው ይበልጥ እየተንፈላሰሰ። "ወላሂ አልነሳም፤ ከነእኔ ይጫኑት።"

ሳቅን። እሷ ግን የመኝታ ቤቱን በር ቀስ ብላ ስትዘጋ አየኋት። ልጅ ተኝቶ ይሆናል። ይሆናላ! እንዲህ ሆኛለሁ፤ በር በተዘጋ ቁጥር የሰው ኢማን የምመዝን።

ልጁ አስታማሚ አድርጎ ለሚያሠራኝ ድርጅት ነግሮብኛል። ነገሩ እስኪጣራ ለሥራ ሰው ቤት እንዳልገባ ተብያለሁ። "ሌባ" የሚለውን ቃል ማንም ከአፉ አላወጣም፤ ቢያወጡት መልስ እሰጥበት ነበር።

ያን ቅዳሜ እዚያ ቤት የነበራችሁ፣ በአላህ ይዣችኋለሁ። ጋራዥ ጥግ የቆመ፣ አልጋ ሥር የገባ፣ መስኮት የጋረዳችሁበት ጣውላ ካለ ገልብጣችሁ እዩት። ያዘነበለች ቤት ካያችሁ ጥሩኝ፤ ለምን ወሰዳችሁ አልልም፣ እኔው ነኝ ፊቱን ያዞርኩት። አንድ ነገር ብቻ አድርጉልኝ፤ ለልጃቸው ደውላችሁ እናንተ ጋ እንደነበረ በራሳችሁ አፍ ንገሩልኝ።