መጽሐፍ አጮልቀው ያነቡ የነበሩት አያታችን

በዚያ እሑድ፣ እዚህ አሜሪካ፣ ቡርንስቪል ከተማ ባለው አፓርትመንታችን ውስጥ የነበርነው እናቴ፣ ጎረቤታችን አቶ ከድር፣ የአክስቴ ልጅ ሰመረ፣ ታናሽ እህቴ ሳባ፣ እኔና አሁን በሞት የተለዩን አያታችን ነን።

አያታችን መጽሐፍን ወለል አድርገው አይከፍቱም ነበር። በሁለት ጣት ከፈት አድርገው፣ በበር ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ያጮልቁበታል። በጣልያን ጊዜ፣ ለሐበሻ ከአራተኛ ክፍል በላይ መማር ክልክል በነበረበት አስመራ፣ የአንድ ጣልያናዊ ዳኛ ቤት መጻሕፍት አቧራ ያራግፉ ነበር። የዚያን ዘመን መጽሐፍ ገጾቹ ጠርዛቸው ላይ እንደተያያዙ ይሸጣል፤ በቢላዋ የሚለያያቸው ገዢው ነው። ዳኛው ገዝቶ መደርደር እንጂ ማንበብ አይወድም። አያታችን ደግሞ ቢቆርጡ ይታወቅባቸዋል። ስለዚህ በታጠፈው ወረቀት ውስጥ እያጮለቁ አነበቡ፤ ጣልያንኛ የተማሩት እንዲያ ነው።

ሰመረ በዚያ እሑድ ሌክ ስትሪት ከሚገኝ አሮጌ ዕቃ መሸጫ ያገኘውን፣ ገጾቹ ገና ያልተለያዩ አሮጌ የጣልያንኛ መጽሐፍ ከቢላዋ ጋር ሰጣቸው። ቢላዋውን እንደያዙ መጽሐፉን አገላብጠው አዩት።

«ባለቤቱ ማነው?» አሉ።

«የእርስዎ ነዋ፣ አባባ!» አለ ሰመረ።

«ኦፕን ያድርጉት!» አለች ሳባ።

«አይዞዎት፣ ዳኛው አስመራ ቀርቷል» ሲሉ አቶ ከድር፣ ሁላችንም ሳቅን።

አያታችን ግን አልሳቁም። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ቀስ ብለው ለያዩና መጽሐፉን ጭናቸው ላይ ወለል አድርገው ከፈቱት። ያን ጊዜ በትግርኛ አንድ ነገር አሉ፤ ከሳቃችን የተነሣ ምን እንዳሉ አልሰማሁም።

ዛሬ እሳቸው ይቀመጡበት በነበረው የሶፋ ጥግ ማንም አይቀመጥም። መጽሐፉ እኔ ጋ ነው፤ እስከ መካከሉ ተቆርጧል። የቀረውን አልቆረጥኩትም። በዚያ ቀን አብራችሁን የነበራችሁ፣ ያጎደልኩትን ሙሉልኝ፤ ከሁሉ በፊት ግን ምን እንዳሉ የሰማችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።