እማዬን በሳይክል ወደ እድር

እሁድ ጠዋት ከሲ.ኤም.ሲ ስንነሳ ዓላማችን አንድ ነበር፤ እናቴን ስምንት ሰዓት ላይ ቀበና ወንዝ ዳር፣ ድሮ ሰፈራችን ከነበረበት ቦታ ማድረስ። የቀረው ሁሉ የወንድሜ የቢኒያም ጭማሪ ነው።

ሰፈሩ ለልማት ከተነሳ በኋላ ጎረቤቱ በየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ። እድሩ ግን አልፈረሰም። በዓመት አንድ ጊዜ እዚያው የድሮው ቦታ ላይ ይሰበሰባል። አባሉ ከየትም ይምጣ ከየት፣ ስሙ ሲጠራ በገዛ አፉ «አለሁ» ማለት አለበት። ልጅ መላክ ወይም ስልክ መደወል አይሠራም። ሁለት ዓመት ተከታትሎ የቀረ ይሰረዛል፤ ያላየነውን ሰው አንቀብርም ነው ነገሩ። እማዬ አምና ጉልበቷን አሟት ቀርታለች። እንግዲህ ዘንድሮም ብትቀር ማን እንደሚቀብራት እያሰበች ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥታ ነበር።

ቢኒያም አሮጌ ሚኒባስ ገዝቶ፣ ወንበሩን ነቅሎ አልጋና ቡታጋዝ አስገብቶበታል። ካራቫን ይለዋል።

«መጀመሪያ እንጦጦ እንወጣለን፣ ምሳ እንበላለን፣ ከዚያ ቁልቁል ወርደን ወንዝ ዳር ሳይክል እንነዳለን። ፉል ፓኬጅ!» አለ።

«እንጦጦ መንገዳችን ላይ ነው እንዴ?»

«ሪላክስ አድርጊ፣ እታባ።»

ሪላክስ አድርጊ ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። ዝም ያልኩት እማዬ ኪዳነ ምሕረትን መሳለም ስለፈለገች ብቻ ነው።

እንጦጦ

በመገናኛ አድርገን በፈረንሳይ በኩል ሽቅብ ያዝነው። ካራቫኗ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች ትወጣለች፤ ከኋላችን ያሉት ሁሉ ክላክስ ያደርጉብናል። ባሕር ዛፉ መሀል ስንገባ አየሩ ቀዘቀዘ። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት እማዬ ጠበሏን ጠጣች፣ ጉልበቷንም አሸች። በዚያን ቀን ያልተናደድኩበት ሰዓት ያ ብቻ ነው።

ከዚያ ወደ እድሩ እንሄዳለን ስል ቢኒያም ከተማውን ቁልቁል የሚያሳይ ቦታ ላይ አቆመ። ፍርፍር ሊሠራ ቡታጋዙን ለኮሰ፤ ነፋሱ አጠፋው። ደግሞ ለኮሰ፣ ደግሞ አጠፋው። በመጨረሻ ፍርፍሩ ለብ ብሎ ቀረበ። አጠገባችን ካለው ካፌ ሦስት ማኪያቶ አዘዘ፤ በዋጋው ሲ.ኤም.ሲ ምሳ ይበላበታል። ይህ ሁሉ አልበቃው ብሎ ስልኩን አወጣ።

«እማዬ፣ እጅሽን ዘርጊና በጣም ደስ ብሎኛል በይ።»

«ደስ የሚለኝ ስደርስ ነው» አለች።

«በቃ ተነስ!» ብዬ ጮህኩበት። ማኪያቶ የሚጠጡት ሁሉ ዞረው አዩኝ። ይዩኝ።

ቁልቁለቱ

ግማሽ መንገድ ሳንወርድ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ቢኒያም ያን ሁሉ ቁልቁለት በማርሽ በመያዝ ፈንታ ፍሬን ላይ ቆሞ ነበር የመጣው። ጎማው ሥር ጭስ ይታያል። ጥግ ይዘን እስኪበርድ ጠበቅን። እኔ መኪናዋን እየዞርኩ እሳደባለሁ፤ እሱ ጎማውን በካርቶን ያራግባል። እማዬ አልጋው ላይ ተቀምጣ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። የምትጸልይ መስሎኝ ጠጋ ብል «አለሁ… አለሁ…» ትላለች። ልምምድ ላይ ነበረች። ቁጣዬ ወደ እንባ ሊዞር ሲል ፊቴን አዞርኩ።

ወንዝ ዳር

ስንደርስ ስምንት ሰዓት አልፏል። አዲሱ የወንዝ ዳር መንገድ በር ላይ የቆመው ጥበቃ መኪናችንን በእጁ አስቆመ።

«በእግር ወይ በሳይክል ብቻ ነው።»

«እናቴ መራመድ አትችልም።»

«እህቴ፣ እኔ ምን ላድርግ? ትእዛዝ ነው።»

በሩ አጠገብ ሳይክል የሚያከራዩ አሉ። አንድ ይዤ መጣሁ፤ እማዬን ከኋላ ላስቀምጣት ስል ጥበቃው እንደገና መጣ። «መደረብ ክልክል ነው። አንድ ሳይክል፣ አንድ ሰው።»

እዚያ ጋ ፈነዳሁ። ተወልጄ ባደግሁበት ቦታ ማን መግባት እንዳለበት የምትነግረኝ አንተ ማን ነህ አልኩት። ልጁ ምንም አላጠፋም፤ ይህንንም አውቃለሁ። ግን ሌላ የምጮህበት ሰው አላገኘሁም።

«ተይው» አለች እማዬ። «አንድ ሰው አይደል ያለው? እኔው ልንዳዋ።»

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፤ በቅሎ ላይ እንደምትቀመጥ ወደ ጎን ኮርቻው ላይ አስቀመጥናት። ቢኒያም መሪውን ያዘ፣ እኔ ወገቧን ደግፌ ገፋሁ።

«ነጂዋ እሷ ናት፤ እኛ እግረኞች ነን» አልኩት ጥበቃውን። ልጁ ደጋግሞ አየን፣ ከዚያም ሳቁን ውጦ ገለል አለ።

መንገዱ ለስላሳ ነው፣ ሣሩ የተከረከመ ነው፣ ወንዙም ከድሮው ጸድቷል። ማማሩ ራሱ አናደደኝ። እኛ እያለን ለምን እንዲህ አላማረም? ቆብ ያደረጉ ወጣቶች በሳይክል እየከነፉ ያልፉናል። የመብራት ምሰሶ ጋ ስንደርስ እማዬ ትከሻዬን ያዘች።

«ቀስ በይ። እዚህ ጋ ጓዳዬ ነው።»

ቢኒያም ቆመ። ቪዲዮ አልቀረጸም። ጓዳዋን በእርምጃ አቋርጠን አለፍን።

እድርተኞቹ ሣር ላይ መቀመጥ ስለተከለከሉ ክብ ሠርተው ቆመዋል። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ተሰማ ስም ይጠራሉ።

«ወይዘሮ ዘነበች?»

የእማዬ ስም ነው፤ ሳይክሏን ፈጠን አድርገን ገፋን።

«ወይዘሮ ዘነበች ለመጨረሻ ጊዜ!»

«አለች!» ብዬ ጮህኩ ከሩቅ።

«አንቺን አልጠራሁም፤ ራሳቸው ይናገሩ!»

«አለሁ!» አለች እማዬ ኮርቻው ላይ እንዳለች፣ ባላት አቅም ሁሉ። «አለሁ፣ ተሰማ! ጓዳዬ ላይ በሳይክል መጣሁ!»

ሳቁም ልቅሶውም አንድ ላይ ሆነ። ሴቶቹ እየተሻሙ አወረዷት። ጋሽ ተሰማ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ከጠረጉ በኋላ ቀጣዩን ስም ጠሩ።

ወደ ቤት

ሊመሻሽ ሲል ሲ.ኤም.ሲ ገባን። ሊፍቱ እንደ ልማዱ ቆሟል። ደረጃው ላይ እማዬን ስንደግፍ አንድ ሰውዬ ከኋላችን መጥቶ አንዱን ክንዷን ከእኔ ተቀብሎ ያዘ፤ እስከ በራችን አድርሶን የፊት ለፊቱን በር ከፍቶ ገባ።

«ማን ይባላል?» አለችኝ እማዬ።

«አላውቀውም።»

«አራት ዓመት በር ለበር እየኖራችሁ?»

በሩን ከፍቼ አስገባኋት። አልጋዋ ላይ ጋደም አለችና ጉልበቷን እያሸች «የኔስ አለቀ፤ የሚቀብሩኝ ዛሬ አይተውኛል» አለች። «አንቺን ማን አየሽ?»

ያን ቀን በወንድሜ፣ በፍሬኑ፣ በጥበቃው፣ በመብራት ምሰሶው ሳይቀር ተናድጃለሁ፤ የእነሱ ሁሉ ንዴት በማግሥቱ ለቀቀኝ። ይህ ጥያቄ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ያናድደኛል።