አባቴ ያቋረጠው መድኃኒት

አባቴ ጋምቤላ ከተማ የሚያስተምር መምህር ነበር። የጎግ ሰው ነው፤ አፉን የፈታው በአኙዋክኛ። እናቴ ግን ደገኛ ናት፤ ስለዚህ ቤታችን የሚወራው አማርኛ ነበር። እኔም ከሰላምታ ያለፈ አኙዋክኛ ሳልማር አደግሁ።

አንድ እሁድ ከአምልኮ በኋላ የጤና ባለሙያዎች በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ፣ ማንጎው ሥር፣ የደም ግፊት ይለኩ ነበር። አባቴን ጎትቼ ወሰድኩት። ነርሷ ለካችው፤ ጥቂት አሳርፋው ደግማ ለካችው።

«አባቴ፣ ራስዎን ያምዎታል?»

«ምንም አያመኝም።»

«ግፊትዎ በጣም ከፍ ብሏል። ባያምዎትም ነገ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።»

ሄደ። ኪኒን ታዘዘለት፤ ጨውና ስብ እንዲቀንስ፣ ኮሌስትሮሉንም ሆስፒታል እንዲመረመር ተነገረው። ምርመራውን ለሌላ ቀን አለው፤ ያ ቀን አልመጣም። እናቴ ዓሣውን ያለ ጨው ስትሠራለት ፊቱን አጨማዶ ይበላ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ሲለካ ግፊቱ ወርዷል ተባለ። ኪኒኑ ሲያልቅ ሌላ ሊያመጣ አልሄደም።

«ድኛለሁ እኮ» አለኝ። «ጤነኛ ሰው መድኃኒት ይውጣል እንዴ?»

ያኔ ትየርኪዲ የስደተኞች ካምፕ እሠራ ነበር፤ ቤት የምመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። «አባዬ፣ አታቋርጥ ተብለሃል» አልኩት። ሳቀ። ደክሞኝ ነበርና ተውኩት።

ሙቀቱ በጠናበት ሰሞን እናቴ ደወለች። ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ወድቋል። ከካምፑ መኪና ለምኜ ሆስፒታል ስደርስ ቀኝ ጎኑ አይንቀሳቀስም፤ አፉ ተጣሟል። ስትሮክ ነው አሉን።

በሦስተኛው ሳምንት መናገር ጀመረ። አማርኛው ግን የለም። እናቴ ስታናግረው ትክ ብሎ ያያትና በአኙዋክኛ ይመልስላታል። ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረበት፣ እኔን የተቆጣበት፣ እሷን ለትዳር የጠየቀበት ቋንቋ ከአፉ ጠፋ። ወንድሙን ከጎግ አስመጣን፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ይተረጉምልን ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ እኔን እያየ ብዙ ተናገረ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ምን አለ?» አልኩት አጎቴን።

አጎቴ ወለሉን አየ። «ውሃ አምጪለት» አለኝ።

ያን ሁሉ የተናገረው ውሃ ለመጠየቅ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ደግሜ ግን አልጠየቅሁም። ፈራሁ። አባቴ ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ፤ አጎቴም ከቀብሩ በኋላ ወደ ጎግ ተመለሰ። ስንደዋወል ስለ ዝናቡና ስለ በቆሎው እናወራለን።

ባለፈው ዓመት እኔም ተለካሁ። ግፊቴ ከፍ ያለ ነው፤ ኮሌስትሮሌም እንደዚያው። አርባ ዓመት አልሞላኝም፤ የሚያመኝም ነገር የለም።

አሁን የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። ጠዋት ወደ ሥራ ከመውጣቴ በፊት በሩ ላይ ትቆማለች።

«ዋጥሽ?»

«ዋጥኩ።»

አታምነኝም። አፌን ከፍቼ እስካሳያት ድረስ ከበሩ አትነቃነቅም።