በታናሹ ስም የተጫወተው ዑግባድ

ዑግባድ ዓዋሌ አሥራ አራት ዓመት ኳስ ተጫውቷል። ዘጠኝ ክለብ ቀያይሯል፤ አርባ ምንጭ፣ ሆሳዕና፣ ወልዲያ፣ ነቀምቴ እያልኩ ስቆጥር ቅደም ተከተሉ ሁልጊዜ ይምታታብኛል። በዘጠኙም ክለብ ግን ዑግባድ የሚባል ሰው አያውቁም። የተጫዋችነት መታወቂያው ቴሴራ ላይ፣ የተጫዋቾች ዝርዝር ላይ፣ የደጋፊው አፍ ላይ የነበረው ስም ሳላሕ ነው። ሳላሕ ደግሞ ታናሽ ወንድሙ ነው። ይህን ነገር ያመጣሁት እኔ ስለሆንኩ ሌላ ሰው ከሚያወራው እኔው ብጽፈው ይሻላል።

ዓብዩ እባላለሁ፣ ወጌሻ ነኝ። ያኔ ድሬዳዋ ውስጥ አንድ የወጣቶች ቡድን እያሸሁ ነበር፤ ቡድኑ ከፈረሰ ቆይቷል። ዑግባድን ያገኘሁት ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ሲጫወት ነው። ችሎታው እንኳን ይህን ያህል አልነበረም፤ ኳስ ሲደርሰው ዕቃ ከእጁ የወደቀበት ሰው ነበር የሚመስለው። ግን ሳንባ ነበረው። ያ የድሬ ፀሐይ ሌላውን ጥላ ለጥላ ሲያሯሩጠው እሱ መስመሩን ይዞ ይወጣል፣ ይወርዳል። ችግሩ ዕድሜው ነበር፤ ቡድኑ የሚፈልገው ከአሥራ ሰባት በታች ሲሆን እሱ ሃያ አንድ ሞልቶታል።

«ታናሽ የለህም እንዴ?» አልኩት።

ያኔ ሁሉም ያደርገው ነበር። የታናሽ ወንድም የትምህርት ማስረጃ ይመጣል፣ የታላቁ ፎቶ ይለጠፍበታል፣ አራት አምስት ዓመት ይቀነሳል። ብልጠት እንጂ ወንጀል አይመስለንም ነበር። ራሴ ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። ሳላሕ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ሮጦ ገባና ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ በእጄ ሰጠኝ።

«ለአቦዌ ነው አይደል?» አለኝ። ታላቅ ወንድሙን የሚጠራው እንደዚያ ነው። ደስታው ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር።

እናታቸው ናሲሞ ግን ከበሩ አልራቀችም። «ይሄኛውም እኮ ይጫወታል፣ ዓብዩ። ግራ እግር ነው፤ ወላሂ ከትልቁ ይበልጣል» አለችኝ።

«አቦ ችግር የለውም፣ የሱም ጊዜ ይደርሳል» ብያት ወጣሁ። ይህችን አነጋገሬን ባስታወስኩ ቁጥር ፊቴ ይግላል።

ጊዜውም ደረሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዑግባድ አርባ ምንጭ ሄዶ ሳለ እዚህ ድሬ የወጣት ተጫዋቾች ምርጫ ተደረገ። ሳላሕ በግራ መስመር ኳስ ይዞ ሲነሳ ሜዳ ዳር የነበርነው ሁሉ ወሬያችንን አቆምን። ከመቶ ምናምን ልጅ መጀመሪያ የተጠራው እሱ ነው። ሊመዘገብ ገባ። መዝጋቢው ስሙን ከመዝገቡ ጋር አመሳከረና «ሳላሕ ዓዋሌማ አርባ ምንጭ እየተጫወተ ነው፤ አንተ ማን ነህ?» አለው። እውነቱን ቢናገር ወንድሙ ይታገዳል። ዞሮ ወጣ።

በር ላይ ቆሜ እሰማ ነበር። «ምን አሉህ?» ስለው፣ «ተወው አቦ፣ አልመረጡኝም» አለኝ። ሲጠራ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እየዋሸኝ መሆኑን እያወቅሁ «አይዞህ» አልኩት። ከዚህ የባሰ ምን ማለት ይቻላል? ከዚያ በኋላ ሳላሕ ደቻቱ ላይ እንኳ ኳስ ሲመታ አላየሁትም። መልካ ጀብዱ አንድ ፋብሪካ ገባ፤ እስከ ዛሬ እዚያው ካርቶን ያሽጋል።

ዑግባድ በታናሹ ስም አገር ዞረ። አሰልጣኝ ሲቀየር መጀመሪያ የሚሰናበት እሱ ነው፤ ተከላካይ ሲሰበር መጀመሪያ የሚደወልለትም እሱ ነው። ብዙውን ጊዜ ያሳለፈው ተቀያሪ ወንበር ላይ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ሻንጣውን ይዞ ሌላ ከተማ ይገባል፣ ሌላ ማሊያ ይለብሳል። ወረቀቱ ሃያ አምስት ሲለው ጉልበቱ ሠላሳ ሆኖታል። ለዕረፍት ሲመጣ ያን ጉልበት የማሸው እኔ ነኝ፤ አንድ ቀን እያሸሁት የነገረኝን አልረሳውም። ሆሳዕና ላይ አንድ የሰፈራችን ነጋዴ ከኋላው «ዑግባድ!» ብሎ ቢጣራ፣ ከቡድን ጓደኞቹ ጋር ስለነበር ሳይዞር አለፈ። «ሰውዬው ሦስት ጊዜ ጠራኝ» አለኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በዚያ ሁሉ ዓመት ያገባት ጎል አንዲት ናት። በሬዲዮ ተላልፋለች። ናሲሞ እንደነገረችኝ፣ ጋዜጠኛው «ሳላሕ ዓዋሌ! ሳላሕ!» ብሎ ሲጮኽ እሷ እልልታዋን ለቀቀችው። ከዚያ ዞር ስትል እውነተኛው ሳላሕ ከሥራ መጥቶ ምሳውን እየበላ ነው። እልልታው አፏ ላይ ቀረ። «ሆዮ፣ ምን ሆነሽ? ጨርሺው እንጂ» አላት እናቱን። እሷ ግን መጨረስ አልቻለችም።

አምና ጉልበቱ ጨርሶ እምቢ አለና ዑግባድ ጠቅልሎ ድሬ ገባ። ከኳስ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም። ዘንድሮ ለቀድሞ ተጫዋቾች የአሰልጣኝነት ኮርስ መዘጋጀቱ ሲሰማ ነፍሱ መለስ አለች። ነገር ግን ምዝገባው በፋይዳ መታወቂያ ነው፤ ለአሻራ ጣት ይነካል። አሥራ አራቱ ዓመት የተጻፈው በሳላሕ ስም፣ የሳላሕ ጣት ያለው ደግሞ በሳላሕ እጅ ላይ ነው። እዚህ ላይ ደግሞ እኔ፣ አንዴ ያሳፈረኝ ያልበቃኝ ሰውዬ፣ «ሳላሕ ይመዝገብልህና አንተ ገብተህ ተማር» አልኩት። ከዑግባድ ጋር ሄደን ሳላሕን ለመንነው።

ቢቆጣ፣ ቢሰድበን ይቀለኝ ነበር። «እሺ አቦዌ፣ ከሥራ አስፈቅዳለሁ» አለ።

በምዝገባው ቀን ሳላሕ ነጭ ሸሚዙን አስተኩሶ መጣ። ባጃጅ ውስጥ «ቀኝ ተከላካይ ነበርኩ በል» እያልን ደጋግመን ነገርነው። መዝጋቢዋ ሂንዳ ትባላለች። ጣቱን አስነካችውና ኮምፒውተሯን አይታ ፈገግ አለች።

«ማሻአላህ፣ አሥራ አራት ዓመት! በምን ቦታ ነበር የምትጫወተው?»

«በግራ ክንፍ» አለ ሳላሕ። ሲናገር ፊቱ በራ። ጠፍቶት ይሁን አውቆ፣ እስከ አሁን አላውቅም።

«እዚህ የቀኝ ተከላካይ ነው የሚለው።»

ሳላሕ ወለሉን ማየት ጀመረ። አንገቱ ሲሰበር ሳይ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ያኔ ዑግባድ ከአግዳሚው ላይ ተነስቶ እያነከሰ ጠረጴዛው ጋ ቀረበ።

«እሱ እውነቱን ነው፤ ግራ ክንፍ ነው። የተጫወትኩት እኔ ነኝ። ዑግባድ እባላለሁ፣ ታላቁ ነኝ» አለና የራሱን መታወቂያ አስቀመጠ።

ሂንዳ ስሙን አስገብታ ፈለገች። «በዚህ ስም አንድም ጨዋታ የለም» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ኮርሱ ይቀርብሃል። አሥራ አራቱም ዓመት ይሰረዛል። ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል። ብቻ ስሙን ልቀቁለት።»

«ሠላሳ አንድ ዓመቱ እኮ ነው፣ አሁን ምን ያደርግለታል?»

«ምንም አያደርግለትም። ግን የሱ ነው» አለ ዑግባድ። ወንድሙን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም።

ሂንዳ ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋችለት። ተቆጥታለች። «ጻፍ እንግዲህ። ይህን ነገር ብቻህን አላደረግከውም፤ ማስረጃውን ማን አመጣ? ማን አስመዘገበህ? ስሙን ጻፍልኝ።»

እኔ በሩ ጋ ቆሜያለሁ። ዛሬም የአንድ ክለብ ወጌሻ ነኝ፤ ስሜ እዚያ ወረቀት ላይ ከገባ እንጀራዬ አለቀ። ዑግባድ ወደ እኔ አልዞረም። «ማንም የለበትም፣ እኔው ነኝ» አለና መጻፍ ጀመረ።

ከበሩ እስከ ጠረጴዛው ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው። አልተራመድኩም። ሳላሕ አንገቱን ቀና አድርጎ አየኝ፤ ያኔ በፌስታል የጠቀለለውን ማስረጃ በማን እጅ እንዳስቀመጠ እሱ ያውቃል። ዓይኑን መቋቋም ሲያቅተኝ በሩን ከፍቼ ወጣሁ።