የታዬ ብርድ ልብስ

ከደብረ ብርሃን የወጣሁ ለታ ማታ እናቴ መጀመሪያ አላለቀሰችም፤ ስለ ብርድ ልብስ ነበር የምትነጫነጨው።

«ይኸ ልጅ እኮ ጨረሰኝ! ትናንት ያለበስኩትን ዛሬ ለነዳያን ሰጥቶ መጣ። ብርድ ልብስ ፋብሪካው የአባቱ መሰለው?» ትላለች፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ይኸ ልጅ» ታናሽ ወንድሜ ታዬ ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ ታስሮ ሲፈታ ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። ግድግዳ ላይ አፍጥጦ ይውላል፣ ከማይታይ ሰው ጋር ያወራል፣ ድንገት ይጮሃል። ብርድ ልብስ ደግሞ ገላው ላይ አይከርምም፤ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ለተቀመጠ ነዳይ አልብሶት ይመጣል። የእናቴ ንጭንጭ ፍቅሯ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

እኔ አዲስ አበባ ስታቲስቲክስ ተምሬ እርሻ ቢሮ ተመድቤ ነበር። የዚያን ቀን ከሰዓት የቀበሌ ጥበቃ የሆነ ጎረቤታችን በአጥር ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ «ግርማ፣ ስምህ ተነስቷል። ዛሬውኑ ጥፋ» ብሎኝ ሄደ። ታዬን ይዤው ልሂድ ብዬ ነበር።

«መንገድ ላይ ከጮኸስ?» አለች እናቴ። «ሁለታችሁንም ልጣ?»

እውነቷን ነበር። ታዬ በር ድረስ ተከተለኝና ትከሻው ላይ ያለውን ብርድ ልብስ አውርዶ አለበሰኝ። «ይበርድሃል» አለኝ። ከእስር ከወጣ ወዲህ አይን አይኔን እያየ ሲያናግረኝ የመጀመሪያው ነው። እናቴ «አሁንም ሰጠው!» ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም፤ ያኔ አለቀሰች።

ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ ያወረደኝ ሰይድ ነው፤ የሟቹ አባቴ ወዳጅ የነበሩት የጨው ነጋዴው የሐጂ ሙሄ ልጅ። ሐጂ ሙሄ እሱንም ለዘመቻ እንዳይወስዱባቸው ፈርተው «አብራችሁ ውጡ፤ አላህ ይጠብቃችሁ» አሉን። አንኮበር ላይ ጥርሳችን እየተንገጫገጨ ጀምረን ቆላው ስንደርስ ላብ አጠመቀን። አንድ ቦታ ላይ ባትሪ የያዙ ወታደሮች መጡና ማሽላ ውስጥ ተኛን። አንደኛው አጠገባችን ቆሞ ሲጋራ አጨሰ። ታዬ ቢኖር ኖሮ አልኩ በልቤ፤ ባለመኖሩ እፎይ አልኩ። ያ እፎይታ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ የአፋር በረሃ፣ ከዚያ ጅቡቲ፣ ብዙ ደጅ ከጠናን በኋላ እንግሊዝ አገር።

የኢሚግሬሽኑ ሹም መልካም ሰው ይመስላል፤ ሻይ እንኳ ጋብዞኛል።

«ሊይዙዎት እንደሆነ ማን ነገረዎት?»

«ጎረቤቴ።»

«መንግሥትስ በጽሑፍ አሳውቆዎታል?»

«ጌታዬ፣ የኛ መንግሥት ሰው ሊገድል ሲል ደብዳቤ አይጽፍም።»

«ያሳዝናል» አለኝ። «ደብዳቤ ቢኖር ይጠቅምዎት ነበር።»

የሆነው ሆኖ ፈቀዱልኝ። እኔና ሰይድ አንድ ክፍል ተከራየን። አከራያችን ሚስስ ዶሪስ የታዬን ብርድ ልብስ አልጋዬ ላይ አይተው «አፍሪካ ሙቅ አይደል እንዴ? ይኼን ከየት አመጣኸው?» አሉኝ። ሐምሌ ላይ አጥንት ሰርስሮ የሚገባ ብርድ፣ ኅዳር ላይ ባቄላ የሚያቃጥል ውርጭ ያለበት አገር ነው ብላቸው ሳቁብኝ። የሳቸው አገር ብርድ እርጥብ ነው እንጂ ከኛው አይብስም። ምግባቸው ግን፣ አልዋሽም፣ ጨው የረሳው የበሽተኛ ሾርባ ነው።

ትምህርቴን ቀጥዬ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ምርምር ክፍል ውስጥ ጀማሪ ባዮስታቲስቲሽያን፣ የሕክምና ቁጥር መርማሪ፣ ሆንኩ። ሲቲ ስካን የሚሉት መሣሪያ አለ፤ ራስ ቅል ሳይከፈት አንጎልን እንደ ዳቦ ቆራርጦ በፎቶ ያሳያል። አንጎል መሐል ፈሳሽ የቋጠሩ ክፍተቶች አሉ። እንደ ታዬ የታመሙ ሰዎች ላይ ሰፍተው ይገኙ እንደሆነ ነበር የምናጠናው። ለኪዎቹ ፎቶው የታማሚ ይሁን የጤነኛ ሳይነገራቸው ይለካሉ፤ ሰንብተው ያንኑ ደግመው ይለካሉ። እኔ ልኬቶቹን አወዳድራለሁ። በየፎቶው የማየው ግን ታዬን ነው። ማን ፎቶ ያነሳልኛል? ማን መድኃኒት ያቀምስልኛል?

አንድ ቀን የአንደኛው ለኪ ቁጥሮች ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነው አገኘኋቸው። ሰልችቶት መካከለኛ ቁጥር እየገመተ ሞልቶታል። ለአለቃዬ ለዶክተር ማርጋሬት «ከሌሎቹ ልኬት ያን ያህልም አልራቀም» ብላት አዘነችብኝ።

«ለታመመውም ለጤነኛውም አንድ መልስ የሚሰጥ ሰው ምንም አልነገረህም፣ ግርማ። ጣለው። ሌላውንም ቢሆን አንዴ ስለተለካ አትመነው፤ አስደግም።»

እናቴን የማገኛት ቴሌ አስጠርቼ በቀጠሮ ነው። መጀመሪያ አካባቢ «ታዬስ?» ስላት መስመሩ እስኪንጫጫ ትጮህብኝ ነበር። «ምን ታዬ ትለኛለህ! ለበዓል የገዛሁትን ብርድ ልብስ አጥቤ ሳላሰጣው ወሰደው እኮ!» እስቃለሁ። በኋላ መልሱ አጠረ። «ታዬስ?» «ደህና ነው።» «አቅርቢልኛ።» «ጠበል ሄዷል።» በሚቀጥለውም «ደህና ነው።» ስልኩን የሚያዳምጥ አይጠፋም፣ ለዚያ ይሆናል አልኩ። ጠበሉ ረድቶት ይሆናል ብዬም ደስ አለኝ።

አንድ እሁድ ገና ሳይነጋ በራችን ተንኳኳ።

ስደተኛ ወንድሞቼ፣ ይህን አንኳኩ ታውቁታላችሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ብቻውን ሳለም አይነገርም። ወገን ተሰብስቦ በማለዳ ይመጣል። ሰይድ ከአልጋው ላይ ብድግ ብሎ ተቀመጠ፤ እኔም። በመስኮት አየን። አምስት ያህል ያገራችን ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። እርስ በርስ ተያየን። የማንኛችን ነው? የሱ ይሁን ብዬ ለመንኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ የሱ ይሁን አልኩ።

የሱ ነበር። ሐጂ ሙሄ ከሞቱ ዓመት ሆኗቸዋል። ሰይድ «ኢና ሊላሂ» ብሎ ወለሉ ላይ ወደቀ። ሚስስ ዶሪስ በሌሊት ልብሳቸው ወጡ።

«ምን ተፈጠረ?»

«አባቱ ሞቱ።»

«ወይኔ! መቼ?»

«አምና።»

«አምና? ታዲያ ዛሬ ምን አስጮኻችሁ?»

ሻይ አፍልተው አመጡልን፤ ክፉ አይደሉም።

ለቀስተኛው ሲሄድ ሰይድ ግድግዳውን ተደግፎ እንዲህ አለኝ። «ሞኝ ነኝ እኮ። እናቴ በየስልኩ አባቴን ስታማ ነበር። ጫት አበዛ፣ እንግዳ አበዛ፣ አልሰማኝ አለ። አምና ማማቷን ተወች። ታረቁ ብዬ ደስ ብሎኝ! ሙት አይወቀስ ግርማ፤ እንዴት ጠፋኝ?»

የእናቴ አጭር መልስ ትዝ አለኝ። «ደህና ነው» ለሞተውም ለቆመውም የሚሰጥ አንድ መልስ ነው። እናቴ ግን በቆመ ልጇ ላይ ካልተነጫነጨች አትኖርም።

ቀጠሮ አስያዝኩ። ድምጿ ከማዶ መጣ። ስለ ዝናቡ አወራን፣ ስለ እህሉ አወራን። ከዚያ ሳቅ ሳቅ እያልኩ «እማዬ፣ ያ ባለጌ ልጅሽ ብርድ ልብስ አሁንም አላስተርፍ አለሽ?» አልኳት። ስደቢው እማዬ፣ እባክሽ ስደቢው እላለሁ በልቤ። ጨረሰኝ በይ።



«ተው ልጄ» አለችኝ በቀስታ። «እሱን አትስደብብኝ። ምን በደለህ?»

«ብርድ ልብሱስ?»

«ብርድ ልብሱማ ሁሉም ቤት አለ። ተጣጥፎ ተቀምጧል።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩ።

«ታዬ ደህና ነው» አለችኝ።

«እሺ እማዬ። ሰላም በይልኝ።»

«እልልሃለሁ።»

ለሰይድም አልነገርኩትም። እሁድ እሁድ ግን ሳይነጋ ልብሴን ለብሼ፣ የታዬን ብርድ ልብስ ደርቤ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ። እስካሁን የመጣ የለም። ዶክተር ማርጋሬት አንዴ የተለካ አይታመንም ብላ የለ? ምናልባት የዚያን ቀን እናቴ ደክሟት ይሆናል። ምናልባት ዘንድሮ ነዳይ ጠፍቶ ይሆናል። አሁንም እደውላለሁ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ባቄላው፣ ስለ ውርጩ እጠይቃታለሁ። ስለ ብርድ ልብስ ግን ደግሜ አልጠየቅኋትም።